ጀበል ሀፊት፦ ወደየትም የማያሻግረው የተራራ መንገድ

በተባበሩት አረብ ኤምሬትስ፣ ከአል ዐይን ከተማ በስተደቡብ፣ ከጠፍጣፋው በረሃ መካከል አንድ ተራራ ለብቻው ተነስቶ ይታያል። ጀበል ሀፊት ይባላል። ሲመሽ በወገቡ ላይ የተዘረጉት የመንገድ መብራቶች ከሩቅ የተጠቀለለ የብርሃን ገመድ ይመስላሉ።

ወደ አናቱ የሚወስደው አስፋልት 12 ኪሎ ሜትር ያህል ይረዝማል፤ ወደ 60 የሚጠጉ ኩርባዎችም አሉት። መንገዱ ከተማን ከከተማ አያገናኝም፤ ሽቅብ ወጥቶ ሰፊ የመኪና ማቆሚያ ላይ ያበቃል። የሊማሊሞን ጠመዝማዛ ለሚያውቅ ኢትዮጵያዊ ይህ እንግዳ ነገር ነው። ሊማሊሞ ላይ ገደሉ የተፈለጠው ጎንደርን ከሽሬ ለማገናኘት ነው፤ መንገደኛውም የሚያልፈው ጉዳይ ስላለው ነው። ጀበል ሀፊት ላይ ግን የሚወጣው ለማየት ብቻ ነው።

የሚታየውም አያሳዝንም። በአንድ ወገን አሸዋው ከአድማስ ጋር ይቀላቀላል፤ በሌላው የኦማን ድንበር ተራሮች ይደረደራሉ። ከግርጌ ደግሞ አል ዐይን ከነቴምር ደኗ ተንጣልላለች። ከተማዋ በበረሃ መካከል ለምን እንደተቆረቆረች የሚገባው ከዚህ ከፍታ ሲያዩዋት ነው። ስሟ በዓረብኛ ምንጭ ማለት ነው፤ በአማርኛም የውሃ ዓይን ይባል የለ? ፈለጅ የሚባሉት የመስኖ ቦዮች የከርሰ ምድር ውሃን እየመሩ ቴምሩን ሲያጠጡ ሺህ ዓመታት ተቆጥረዋል። በእግር የሚረገጠው የኖራ ድንጋይ ራሱ በውስጡ የባሕር እንስሳት ቅሪት ይዟል፤ ተራራው በአንድ ዘመን የባሕር ወለል ነበርና።

የተራራው ከፍታ ከባሕር ጠለል በላይ 1 ሺህ 240 ሜትር ገደማ ነው። ይህም ከድሬዳዋ ጋር የሚቀራረብ፣ የአዲስ አበባን ግማሽ ያህል ብቻ የሆነ ከፍታ ነው። ሆኖም ሙቀቱ 45 ዲግሪ ከሚያልፍበት የበጋ ሜዳ ለሚመጣ ሰው፣ አናቱ ላይ በጥቂት ዲግሪዎች የቀነሰው አየር ትልቅ እፎይታ ነው። የኤምሬትስ የብስክሌት ውድድር ተፎካካሪዎች ግን ይህን ዳገት በእፎይታ አያስታውሱትም።

ጥንቃቄ የሚፈልገው መውጣቱ ሳይሆን መውረዱ ነው። ቁልቁለቱን በፍሬን ብቻ የሚወርድ አሽከርካሪ ፍሬኑ እየጋለ፣ የመያዝ ኃይሉ እየደከመ ይመጣል፤ ኩርባዎቹ ግን አያልቁም። መፍትሔው ማርሽ ዝቅ አድርጎ ሞተሩ ራሱ መኪናውን እንዲይዝ ማድረግ ነው። አውቶማቲክ መኪናም ዝቅተኛ ማርሽ አለው፤ ብዙዎች በሜዳ መንገድ ብቻ ስለሚነዱ ነክተውት አያውቁም። የሽታ ወይም የጭስ ምልክት ከታየ ዳር ይዞ ቆሞ ማቀዝቀዝ እንጂ መቀጠል አያዋጣም። ቤተሰብ ጭኖ፣ መሽቶ፣ ፎቶ ሲነሳ አምሽቶ የሚወርድ ሰው ይህን ቢያስብበት ይበጃል።

በተራራው ምሥራቃዊ ግርጌ ደግሞ ከ5 ሺህ ዓመታት በፊት በድንጋይ የተካቡ፣ የንብ ቀፎ ቅርጽ ያላቸው መቃብሮች አሉ። የዴንማርክ አርኪዮሎጂስቶች በ1959 ቁፋሮ ሲጀምሩባቸው ከሜሶጶጣሚያ ጋር ንግድ እንደነበር የሚያመለክቱ ሸክላዎች አግኝተዋል። ከ2011 ጀምሮ ከአል ዐይን የቴምር ደኖች ጋር በዩኔስኮ የዓለም ቅርስነት ተመዝግበዋል። ለዳገቱ ብሎ የሚመጣው አሽከርካሪ ብዙውን ጊዜ ሳያያቸው ይመለሳል፤ ከአናቱ ከሚወርደው አስፋልት አይታዩምና፣ ተራራውን ዞሮ መሄድን ይጠይቃሉ።