የሰኔ ግዥና የከፋ ደን

ከመንግሥት መሥሪያ ቤት ጋር የሚሠራ አቅራቢ የሰኔን ግዥ አሳምሮ ያውቀዋል። በጀቱ ሰኔ 30 ተዘግቶ ያልተሠራበት ገንዘብ ተመላሽ ከመሆኑ በፊት ወንበሩም፣ ጠረጴዛውም፣ መደርደሪያውም በጥድፊያ ይገዛል። ጉዳዩ በሌላው ዞን የሒሳብ መዝጊያ ጣጣ ሲሆን፣ በከፋ ግን ጫፉ ደን ይነካል።

ቦንጋ ከኅዳር 2014 ዓ.ም. ወዲህ የደቡብ ምዕራብ ኢትዮጵያ ሕዝቦች ክልል የፖለቲካና የአስተዳደር መቀመጫ በመሆኗ፣ በዞንና በወረዳ ገዢዎች ላይ የክልል ቢሮዎች ተጨምረዋል። የከፋ ደን ደግሞ በ2002 ዓ.ም. በዩኔስኮ በባዮስፌርነት የተመዘገበ፣ የጫካ ቡና የሚለቀምበት ነው።

አናጢ ምርጫ ከተሰጠው ዋንዛን ይወዳል። ለመጋዝ አያስቸግርም፣ መልኩም ያምራል። ሆኖም ዋንዛ፣ ዝግባ፣ ኮሶና ጥድ ከመንግሥት ደን እንዳይቆረጡ በ1999 ዓ.ም. የወጣው የደን አዋጅ ቁጥር 542 ከልክሎ ነበር፤ በ2010 ዓ.ም. በአዋጅ ቁጥር 1065 ተተክቷል። አማራጩ ተተክሎ ያደገ ባሕር ዛፍ ወይም የፈረንጅ ጥድ ነው። ባሕር ዛፍ ግን እርጥቡን ከተሠራ ይጣመማል፣ ይሰነጠቃል፤ ጥላ ሥር ተደርድሮ ለወራት መቆየት አለበት። ሰኔ በከፋ የዝናብ ወር ነው። «በ15 ቀን አስረክብ» የተባለ ተጫራች እንጨት ማድረቂያ ጊዜ ከየት ያመጣል? በእጁ የደረቀ ጣውላ ከሌለ ዓይኑ ወደ ዋንዛው ይሄዳል።

ስለዚህ አካባቢን ያገናዘበ ግዥ የሚጀመረው ከዋጋ ማወዳደሪያው ሳይሆን ከጨረታ ሰነዱ ነው። ሰነዱ «ጠንካራ እንጨት» ብሎ ካለፈ ርካሽ ያቀረበው ያሸንፋል፣ ምንጩንም የሚጠይቅ የለም። የእንጨቱን ዓይነት፣ የድርቀቱን ደረጃና የማጓጓዣ ፈቃዱን ከጠየቀ ግን ሕጋዊው ነጋዴ ከሕገ ወጡ ጋር በዋጋ መጋፋቱ ይቀርለታል።

ለቡና ነጋዴ ይህ እንግዳ ነገር አይደለም። የአውሮፓ ኅብረት እ.ኤ.አ. በ2023 ያወጣውና ተፈጻሚነቱ ሁለት ጊዜ የተራዘመው ሕግ፣ ቡናም ሆነ እንጨት እ.ኤ.አ. ከ2020 መጨረሻ በኋላ ደን ተመንጥሮ ከተገኘ መሬት እንዳይመጣ ይጠይቃል፤ የማሳው መገኛም ይመዘገባል። ለብራሰልስ የሚቀርበው ማስረጃ ለቦንጋ ቢሮ ጠረጴዛ አለመጠየቁ ግር ያሰኛል።

ጨረታው በጥቅምት ቢወጣ እንጨቱ በበጋ ይደርቃል። በፌዴራል ግዥ የታወቀው የማዕቀፍ ስምምነትም ለዚህ ያመቻል። እስከዚያው በግንቦት መጋዘኑ ውስጥ የደረቀ ባሕር ዛፍ ከነፈቃዱ ያለው ነጋዴ፣ ገንዘቡ ለወራት ቢታሰርበትም፣ ሰኔ ሲመጣ የሚያስረክበው አያጣም።