ሴሚናር ምንድን ነው? የካርቱም ፊዚክስ ክፍልና ከሰማይ የወደቀው ድንጋይ

ከከፍተኛ ክፍል ተማሪዎቻችን ደጋግሞ የሚመጣ አንድ ጥያቄ አለ። «ዩኒቨርሲቲ ውስጥ ሴሚናር የሚባለው ነገር ምንድን ነው? ከክፍል ትምህርትስ በምን ይለያል?» ይሉናል። ጥያቄው ተገቢ ነው። ከእኛ ከመምህራኑ መካከልም ዩኒቨርሲቲ ገብተን ሳንጨርስ የወጣን ብዙ ነን። ሴሚናር ደግሞ ጠንከር የሚለው በመጨረሻው ዓመትና ከዚያ በኋላ ስለሆነ፣ ማስታወቂያውን ግድግዳ ላይ እያነበብን አለፍን እንጂ ቁጭ ብለን አልጠገብነውም። ስለዚህ በዚህ እትም ሴሚናርን በፊዚክስ ትምህርት ክፍል በኩል እናየዋለን። ለምሳሌ ሩቅ አንሄድም፣ ካርቱም ዩኒቨርሲቲ ይበቃናል። (ዓመቶቹ ሁሉ እንደ አውሮፓ አቆጣጠር ናቸው።)

በመጀመሪያ ልዩነቱን እንያዝ። ክፍል ውስጥ መምህሩ የሚያስተምረው አስቀድሞ የታወቀውን ነው። የኒውተንን ሕግ ስናስተምር መልሱ መጽሐፉ ውስጥ አለ፣ ተማሪው ይማረዋል፣ ፈተና ይፈተናል። ሴሚናር ግን ገና ያልጠነከረ ነገር የሚቀርብበት ቦታ ነው። አንድ ሰው «እኔ ይህን ለካሁ፣ ይህን አሰላሁ፣ እንዲህ ይመስለኛል» ብሎ ሥራውን ሥራውን በሚያውቁ ሰዎች ፊት ያስቀምጣል። እነሱም ያገላብጡታል። አቅራቢው ፕሮፌሰር፣ አድማጩ የማስተርስ ተማሪ ሊሆን ይችላል፣ ግን በዚያ አንድ ሰዓት ውስጥ ተማሪው «ይህን እንዴት አወቁ?» ብሎ የመጠየቅ መብት አለው።

አካሄዱ ቀላል ነው። የአቅራቢው ስም፣ ርዕሱ፣ ሰዓቱና ክፍሉ የተጻፈበት ወረቀት ይለጠፋል። አቅራቢው አብዛኛውን ጊዜ ከአርባ እስከ ሃምሳ ደቂቃ ይናገራል፣ የቀረው ለጥያቄ ይተዋል። አንድ ሰው ሰብሳቢ ሆኖ ሰዓት ይቆጣጠራል። ለትምህርት ክፍሉ ሁሉ የሚሆነው ሰፋ ያለ ንግግር ኮሎኪየም ይባላል፣ እዚያ የአቶም ሰውም የከዋክብት ሰውም አብረው ስለሚቀመጡ አቅራቢው ለሁሉም በሚገባ ቋንቋ መናገር አለበት። ጠበብ ያለው ሴሚናር ግን በአንድ ዘርፍ ለሚሠሩ ነው። ሌሎች ያሳተሙትን ጽሑፍ አንብቦ የሚወያይ ቡድንም አለ፣ ይህ ለጀማሪ ከሁሉ የሚጠቅመው ይመስለናል፣ ምክንያቱም የራስ ግኝት አያስፈልገውም። ብዙ ቦታ ከንግግሩ በፊት ወይም በኋላ ሻይ አለ። ሱዳን ውስጥማ ሻይ የሌለበት ጨዋታ መቼ ኖሮ!

አሁን ወደ ካርቱም እንምጣ። ዩኒቨርሲቲው በ1902 የተከፈተው የጎርደን መታሰቢያ ኮሌጅ ልጅ ነው፣ በ1956 ሱዳን ነፃ ስትወጣ ካርቱም ዩኒቨርሲቲ ተባለ። የፊዚክስ ክፍሉ በዓለም ጋዜጦች የተነሣው ግን በ2008 በሆነ ነገር ነው።

ኦክቶበር 6 ቀን 2008 አሜሪካ፣ አሪዞና ውስጥ ሰማይ የሚቃኙ ሰዎች አንዲት ትንሽ አስትሮይድ አዩ። ስፋቷ 4 ሜትር ገደማ፣ ክብደቷ 80 ቶን ያህል ነበር። ስሌቱ ሲሠራ ወደ 20 ሰዓት ባልሞላ ጊዜ ውስጥ ሰሜን ሱዳን ላይ እንደምትወድቅ ታወቀ። መሬት ከመድረሷ በፊት ታይታ የተከተሏት የመጀመሪያዋ አስትሮይድ ይህች ናት፣ 2008 ቲሲ3 ተባለች። በማግሥቱ ከሌሊቱ 11፡46 ላይ በኑብያ በረሃ ሰማይ 37 ኪሎ ሜትር ከፍታ ላይ ፈነዳች። ለፈጅር ሶላት ተነሥተው የነበሩ ሰዎች ብርሃኑን አይተውታል።

በዚህ ከፍታ የፈነዳ ነገር ሁሉ አቧራ ሆኖ ይቀራል ብሎ መደምደም ይቀል ነበር። የካርቱም ዩኒቨርሲቲ የፊዚክስ መምህር ዶክተር ሙዓውያ ሻዳድ ግን እንፈልግ አሉ። ከአሜሪካው የሴቲ ኢንስቲትዩት ተመራማሪ ከፒተር ጄኒስከንስ ጋር ሆነው መጀመሪያ ያየ ሰው ጠየቁ፣ ብርሃኑ ከየት ወደ የት እንደሄደ፣ ጭሱ የት ላይ እንደቆመ። ከዚያ በዲሴምበር 2008 አርባ አምስት ተማሪዎችና ሠራተኞች ወደ በረሃው ወጡ። መሣሪያቸው እግርና ዓይን ነበር። በአንድ መስመር ተዘርግተው፣ ተራርቀው፣ አሸዋውን እያዩ ተራመዱ። ድንጋይ በሞላበት በረሃ ውስጥ ከሰማይ የመጣውን ድንጋይ መለየት ምን ያህል እንደሚያስቸግር አስቡት! ግን አገኙ። በማርች 2009 ኔቸር በተባለው መጽሔት ውጤቱ ሲታተም 47 ድንጋይ፣ በጠቅላላው 3.95 ኪሎ ግራም ተብሎ ተመዘገበ። ከዚያ በኋላ በተደረጉት ፍለጋዎች ቁጥሩ ከ600 አልፏል።

ድንጋዮቹ «አልመሐታ ሲታ» ተባሉ። አረብኛ የለመድን ሁሉ እንደምናውቀው «ጣቢያ ስድስት» ማለት ነው። ከዋዲ ሐልፋ በረሃውን አቋርጦ በሚመጣው የባቡር መስመር ላይ ስም ሳይሆን ቁጥር ብቻ የተሰጣቸው ጣቢያዎች አሉ፣ አንዱ ይህ ነው። ስም እንኳ የነፈጉት ጣቢያ ዛሬ በዓለም ቤተ ሙከራዎች ሁሉ ይጠራል።

እስካሁን ያወራነው ስለ ፍለጋ ነው፣ ሴሚናሩ የት አለ? እዚህ ላይ ነው። በዲሴምበር 2009 ተመራማሪዎች ካርቱም ዩኒቨርሲቲ ተሰብስበው በነዚህ ድንጋዮች ላይ ብቻ ተነጋገሩ፣ ወደ በረሃውም አብረው ሄዱ። አስቡት፣ ብዙውን ጊዜ የእኛ ተመራማሪ ነው ቪዛ ለምኖ ወደ አውሮፓ የሚሄደው። በዚያ ሳምንት ግን ድንጋዩም፣ ያገኙት ተማሪዎችም፣ መንገዱን የሚያውቁትም ካርቱም ስለነበሩ እንግዶቹ ወደ ካርቱም መጡ።

የመከራከሪያው ነገር ደግሞ ቀላል አልነበረም። ከተገኙት ድንጋዮች አብዛኞቹ ዩሬላይት የሚባል፣ ካርቦንና በጣም ጥቃቅን አልማዝ ያለበት ብርቅ ዓይነት ናቸው። አንዳንዶቹ ግን ፈጽሞ ሌላ ዓይነት ሆነው ተገኙ። እንግዲህ ማንም ሰው ሊጠይቅ የሚገባው ጥያቄ ይመጣል፦ «እነዚህ ሌሎቹ ከዚያችው አስትሮይድ እንደመጡ በምን ታወቀ? ከሺህ ዓመት በፊት እዚያው ወድቀው የቆዩ ቢሆኑስ?» ይህን ለመጠየቅ ዶክትሬት አያስፈልግም። የአሥረኛ ክፍል ተማሪ ሊጠይቀው ይችላል። መልሱ ግን ሥራ ይጠይቃል። በጠፈር ውስጥ ያለ ድንጋይ በኮስሚክ ጨረር ሲመታ ቶሎ የሚፈርሱ ራዲዮአክቲቭ አተሞች ይፈጠሩበታል። መሬት ከወደቀ በኋላ አዲስ ስለማይፈጠሩ እየጠፉ ይሄዳሉ። ስለዚህ እነዚህ አተሞች አሁንም ከተገኙበት፣ ድንጋዩ የወደቀው በቅርቡ ነው ማለት ነው። ተለኩ፣ ተገኙም። አስትሮይዷ ከልዩ ልዩ አካላት ስብርባሪ የተጠራቀመች ነበረች የሚለው ሐሳብ በዚህ ጠነከረ።

ሴሚናር የሚያስፈልገው ለዚህ ነው። ሌላው ዓለምም ያው ነው። ሴፕቴምበር 23 ቀን 2011 ጄኔቭ አጠገብ ባለው በሰርን አዳራሽ አንድ የተመራማሪዎች ቡድን «ኒውትሪኖ የሚባሉት ቅንጣቶች 730 ኪሎ ሜትር ተጉዘው ከብርሃን በ60 ናኖ ሰከንድ ቀድመው ደረሱ» የሚል ውጤት አቀረበ። የአንስታይን ነገር አበቃ ያለ ጋዜጠኛ አልጠፋም። ቡድኑ ግን ያለው «ስህተታችንን ፈልገን አጣነው፣ እናንተ ደግሞ ፈልጉ» ነው። በ2012 ነገሩ በደንብ ያልተገጠመ የፋይበር ገመድ ሆኖ ተገኘ። በዚያው አዳራሽ ጁላይ 4 ቀን 2012 ደግሞ ሂግስ የተባለው ቅንጣት መገኘቱ ተነገረ፣ እሱ ግን ጥያቄውን ሁሉ ተቋቁሞ ቆመ። አንዱ ወደቀ፣ አንዱ ቆመ፣ የቀረቡበት ወንበርና ሰሌዳ ግን አንድ ነው።

አስተዳደጋችን እዚህ ላይ ያስቸግረናል። ታላቅ ሲናገር ማቋረጥ ነውር ነው ተብለን ነው ያደግነው፣ መልካም ነው፣ ቤት ውስጥ ይሁን። ግን መምህሩ ተሳስቶ ሳለ ሠላሳ ተማሪ ዝም ብሎ ሲጽፍ አክብሮት ነው? እኛ አይመስለንም። ሌላም ችግር አለ። ስብሰባችን ላይ እጁን አውጥቶ «ጥያቄ ሳይሆን አስተያየት ነው ያለኝ» የሚልና አሥር ደቂቃ የሚወስድ ሰው አይጠፋም። የሴሚናር ጥያቄ አጭር ነው፣ ሥራውን ይነካል፣ ሰውየውን አይነካም።

«ይህ ሁሉ ላቦራቶሪ ላላቸው ነው» የሚል ሰው ይኖራል። ፓኪስታናዊው አብዱስ ሰላም በ1951 ከካምብሪጅ ወደ ላሆር ተመልሶ ሲያስተምር ያስጨነቀው የመሣሪያ እጦት ሳይሆን ስለ ሥራው የሚያነጋግረው ሰው ማጣቱ ነበር። ኮሌጁም የእግር ኳስ ቡድኑን እንዲይዝ አደረገው (የካምፕ መምህራን ይህን ስታነቡ እንደምትስቁ እናውቃለን)። በ1954 ለቆ ሄደ። ግን አልረሳውም፣ በ1964 ጣሊያን፣ ትሪየስቴ ከተማ ላይ ከድሃ አገር የሚመጡ የፊዚክስ ሰዎች ተሰብስበው የሚነጋገሩበት ማዕከል አቋቋመ። በ1979 የኖቤል ሽልማት አገኘ።

ከእኛው አገር ደግሞ ፕሮፌሰር ሙሉጌታ በቀለ አሉ። በደርግ ዘመን ለዓመታት ታስረዋል፣ እስር ቤት ውስጥም ለእስረኞች ያስተምሩ ነበር። ከእስር በኋላ ሕንድ፣ ባንጋሎር ሄደው ዶክትሬታቸውን ሠሩ፣ አዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲም ፊዚክስ አስተማሩ። በ2012 የአሜሪካ ፊዚክስ ማኅበር የአንድሬ ሳካሮቭን ሽልማት ሰጣቸው። ትምህርታችን ተቋርጦ ለቀረነው ይህ ታሪክ የሚነግረን ነገር አለ፣ ማብራራት አያስፈልገውም።

ካርቱምም ራሷ ተቋርጣለች። ኤፕሪል 15 ቀን 2023 ጦርነቱ ሲነሣ ዩኒቨርሲቲው ያለበት መካከለኛው ካርቱም የውጊያ ቦታ ሆነ። መምህራንና ተማሪዎች ወደየአቅጣጫው ተበተኑ። እኛን ያስጠጋች ከተማ ልጆቿ ራሳቸው ስደተኛ ሆኑ። በ2009 የተነጋገሩበት ግን በ2010 በመጽሔት ታትሟል፣ ዛሬም ይነበባል።

እንግዲህ በካምፓችን ብንጀምረውስ? አንድ ሰው ሃያ ደቂቃ ያቅርብ፣ አሥር ደቂቃ ይጠየቅ። ርዕስ ከጠፋ የምንመክረው ይኸውና፦ ድንጋይ በገመድ አንጠልጥሎ የመሬትን ስበት መለካት። አንድ ሜትር ገመድ፣ አንድ ድንጋይ፣ የስልክ ሰዓት ይበቃል። አሥር ጊዜ ሲወዛወዝ የሚፈጀውን እንያዝ፣ የጣታችን መዘግየት ለአሥር ስለሚካፈል ስህተቱ ይቀንሳል። 20.1 ሰከንድ ከሆነ ለአንዱ 2.01 ነው። ርዝመቱን በ39.48 አባዝተን ለ2.01 ካሬ ስናካፍል 9.77 እናገኛለን፣ ይህ ጥሩ ነው።

አሁን አንዷ ተማሪ አቅርባ «እኔ ያገኘሁት 9.48 ነው» አለች እንበል። ሰዓቱን በትክክል ይዛለች፣ ሒሳቡም ልክ ነው። አድማጮች «ተሳስተሻል፣ መጽሐፉ 9.8 ይላል» ብለው ቢቀመጡ ምንም አልጠየቁም። ከኋላ የተቀመጠው ልጅ ግን እጁን አውጥቶ «እህቴ፣ ገመዱን የለካሽው እስከ ድንጋዩ ጫፍ ነው ወይስ እስከ ድንጋዩ መሐል?» ይበላት። ሦስት ሴንቲ ሜትሯ እዚያ ነው ያለችው።