ጉበትን የሚያድን፣ ካንሰርን የሚከልል ልጓም

የሰው ልጅ በሽታ የመከላከል ሥርዓት ባዕድ ነገር ሲገባበት በኃይል ይዘምታል። ዘመቻው በጊዜ ካልተገታ ግን ጉዳቱ ለጀርሙ ብቻ ሳይኾን ለጉበት፣ ለሳንባና ለሌሎችም የሰውነት ክፍሎች ይተርፋል። ይህን ዘመቻ የሚገታው ምንድን ነው? ፕሮፌሰር ሚኻይል ሲትኮቭስኪ የረዥም ጊዜ ምርምራቸውን ያዋሉት ለዚህ ጥያቄ ነው።

በቀድሞዋ ሶቪየት ኅብረት የተማሩት ሳይንቲስት ወደ አሜሪካ አቅንተው በሀገሪቱ ብሔራዊ የጤና ተቋማት ለዓመታት ሠርተዋል። ከዚያም ቦስተን በሚገኘው ኖርዝኢስተርን ዩኒቨርሲቲ ምርምራቸውን ቀጥለዋል።

የምርምራቸው ማዕከል አዴኖሲን የተባለ ጥቃቅን ሞለኪውል ነው። ሕዋሳት የጉልበት ስንቃቸውን የሚይዙት ኤቲፒ በተባለ ንጥረ ነገር ነው። ኅብረ ሕዋስ ሲጎዳ ወይም ኦክስጅን ሲያጥረው ኤቲፒ ወደ ውጭ ይፈስሳል፤ በሕዋሳት ገጽ ላይ ያሉ ኢንዛይሞችም ደረጃ በደረጃ ሰባብረው አዴኖሲን ያደርጉታል። ቲ-ሴል የተባሉት ተዋጊ ሕዋሳት ደግሞ ኤ2ኤ የሚባል የአዴኖሲን ተቀባይ አላቸው። አዴኖሲን በዚህ ተቀባይ ላይ ሲያርፍ የተዋጊው ኃይል ይዳከማል። የተጎዳው ሥጋ ራሱ “በቃ” የሚል መልእክት እንደሚልክ ያህል ነው።

ተቀባዩ በሕያው አካል ውስጥ ያለው ድርሻ ጎልቶ የታየው በ2001 ነው። ሲትኮቭስኪና ባልደረባቸው አኪዮ ኦታ ኔቸር በተሰኘው መጽሔት ባወጡት ጥናት፣ ኤ2ኤ የሌላቸውን አይጦች ከጤነኞቹ ጋር አነጻጸሩ። ጤነኞቹን እምብዛም ያልጎዳ አነስተኛ የብግነት ቀስቃሽ መጠን፣ ተቀባዩ በሌላቸው አይጦች ላይ ከባድ የኅብረ ሕዋስ ጉዳት አደረሰ። ሌሎች መቆጣጠሪያዎች ቢኖሩም የዚህን ልጓም ቦታ ሊተኩ አልቻሉም።

ግኝቱ በሕክምና ላይም ጥያቄ አስነሣ። ኦክስጅን ማጠር አዴኖሲን እንዲበዛ ካደረገ፣ ሳንባው ለተቆጣ ታማሚ ኦክስጅን መስጠት ልጓሙን ያላላ ይኾን? ቡድኑ በ2005 ባሳተመው የአይጦች ጥናት፣ ንጹሕ ኦክስጅን የሳንባውን ጉዳት እንዳባባሰና ኤ2ኤን የሚያነቃቃ መድኃኒት ሲጨመር ግን ጉዳቱ እንደተገታ አሳየ። ይህ ማለት ኦክስጅን ለሚያስፈልገው ሰው ይከልከል ማለት አይደለም፤ ሕይወትን የሚያቆየው ሕክምና የራሱ ዋጋ ሊኖረው እንደሚችል ግን ያመለክታል።

የታሪኩ ሌላ ገጽ ካንሰር ነው። በፍጥነት የሚያድግ ዕጢ ውስጡ ኦክስጅን ያጥረዋል፤ ስለዚህ አዴኖሲን ይከማችበታል። ለጉበት የተሠራው ጋሻ ለዕጢውም ጋሻ ይኾናል ማለት ነው። በ2006 በታተመው ጥናት ኤ2ኤ ከሌላቸው አይጦች 60 በመቶ ያህሉ ያደገ ዕጢን አስወግደዋል፤ ተቀባዩ ካላቸው አይጦች ግን አንዱም አልቻለም።

በዚያው ጥናት ተቀባዩን ለመዝጋት ከተሞከሩት ውሕዶች አንዱ ካፌይን መኾኑ የቡና አገር ሰውን ፈገግ ያሰኛል። ቡና እንቅልፍ የሚያባርረው በአንጎል ውስጥ ያሉትን የአዴኖሲን ተቀባዮች በመዝጋት ነውና ነገሩ እንግዳ አይደለም። ኾኖም ሙከራው የተደረገው በአይጦች ላይ ነው፤ ሦስት ሲኒ ቡና ለካንሰር መድኃኒት ነው የሚል ማስረጃ አይሰጥም።

በ2015 ደግሞ ቡድኑ ዕጢ ያለባቸው አይጦች 60 በመቶ ኦክስጅን ያለው አየር እንዲተነፍሱ አደረገ፤ የምንተነፍሰው አየር 21 በመቶ ብቻ ነው። የዕጢዎቹ ዕድገት ተገታ። ቲ-ሴሎችና ተፈጥሯዊ ገዳይ ሕዋሳት በሌላቸው አይጦች ግን ኦክስጅኑ ያንን ውጤት አላመጣም። ዕጢውን የተዋጋው ኦክስጅኑ ራሱ ሳይኾን ልጓሙ የወለቀለት ሠራዊት ነበር።

ኤ2ኤን የሚዘጉ መድኃኒቶች ቀደም ሲል ለፓርኪንሰን ሕመም ሲጠኑ የቆዩ በመኾናቸው የካንሰር ተመራማሪዎች ከባዶ አልጀመሩም። ከእነዚህ ኢስትራዴፊሊን የተባለው በ2019 በአሜሪካ ለፓርኪንሰን ተፈቅዷል። ለካንሰር ግን ጉዞው አዝጋሚ ነው። ከሌሎች የበሽታ መከላከያ ሕክምናዎች ጋር ተጣምረው በታማሚዎች ላይ ተሞክረው አንዳንዶቹን ቢረዱም፣ በአይጦቹ ላይ የታየው ያህል ውጤት በሰው ላይ አልተገኘም። ሐኪሞችን የሚያሳስበው ሌላ ጉዳይም አለ፤ ዕጢውን ለማጋለጥ ልጓሙ ሲፈታ፣ የ2001ዱ ሙከራ እንዳሳየው ጉበቱና ሳንባውም ጋሻቸውን ሊያጡ ይችላሉ።