ግፊቱን የሚያወርድ፣ እንባውን የሚያደርቅ ጠብታ

በአርሲ የስንዴ አገር፣ በሁሩታና በዙሪያዋ፣ ኅዳርና ታኅሣሥ ላይ ኮምባይነር ማሳ ሲገባ ብናኙ የማንንም ዓይን ይቆረቁራል። የዓይንን ግፊት የሚያወርድ የግላኮማ ጠብታ የሚጠቀም ሰው ዓይን ግን ብዙ ጊዜ አጨዳው ካለፈ በኋላም ያቃጥላል፣ ይቀላል፣ አሸዋ የገባበት ይመስላል። አንዳንዴም እንባው እየፈሰሰ «ዓይንህ ደርቋል» ይባላል። ነገሩ ግራ ቢያጋባም እውነት ነው፤ የደረቀ ዓይን ሲቆጣ ውኃ ይረጫል፣ ያ ውኃ ግን ዓይንን ሸፍኖ አይቆይም።

ጤነኛ እንባ ውኃ ብቻ አይደለም። ከላዩ ውኃው እንዳይተን የሚከለክል ስስ ቅባት አለው፤ ከሥሩ ደግሞ እንባውን ከዓይን ጋር የሚያጣብቅ ንፍጥ መሰል ፈሳሽ አለ። በአብዛኞቹ የጠብታ ጠርሙሶች ውስጥ፣ ከተከፈቱ በኋላ ጀርም እንዳይራባባቸው፣ ቤንዛልኮኒየም ክሎራይድ የሚባል ኬሚካል ይጨመራል። ይህ ኬሚካል ሳሙና የሳህን ቅባት እንደሚያለቅቅ የእንባውን ቅባት ይበትናል፤ ከሥር ያለውን ፈሳሽ የሚያመነጩትን ሴሎችም ይጎዳል። ከግላኮማ ጠብታዎች አንዱ በሆነው በላታኖፕሮስት ውስጥ ያለው መጠን 0.02 በመቶ ብቻ ነው። ሆኖም ግላኮማ የዕድሜ ልክ ሕመም ነውና፣ በቀን ሁለት ሦስት ዓይነት ጠብታ ለዓመታት ሲደራረብ ጉዳቱ ይጠራቀማል። በእኛ አገር ትራኮማም አለ፤ በዓይን ቆብ ውስጥ የሚተወው ጠባሳ በራሱ እንባን ያደርቃል። በ1998 ዓ.ም. የተካሄደው አገር አቀፍ ጥናት ከዓይነ ስውርነት 11.5 በመቶውን ለትራኮማ፣ 5.2 በመቶውን ለግላኮማ ሰጥቷል። ሁለቱ አንድ ሰው ላይ ሲገናኙ መቆርቆሩ ይብሳል።

እጅግ የሚያሳስበኝ ከዚህ በኋላ የሚመጣው ነው። ታማሚው «አቃጠለኝ» ብሎ ጠብታውን ይተዋል። ግላኮማ ደግሞ ብዙውን ጊዜ ሳያሳምም የዓይንን ነርቭ ይበላል፤ የጠፋ ብርሃን አይመለስም። ሌላው ያለ ሐኪም ትእዛዝ የቅላት ማጥፊያ ጠብታ ይገዛል። እንደ ዴክሳሜታዞን ያለ ስቴሮይድ ከሆነ ቅላቱን ያጠፋለታል፤ የዓይኑን ግፊት ግን ከፍ ሊያደርግበት ይችላል።

መፍትሔው ሌላ ነው። ሰው ሠራሽ እንባ አለ፤ በቀን ከአራት ጊዜ በላይ የሚያስፈልግ ከሆነ ያ ኬሚካል የሌለበትን ዓይነት መምረጥ ይሻላል። ከግላኮማው መድኃኒት ጋር ሲወሰድ ቢያንስ አምስት ደቂቃ መለየት አለበት፤ አለዚያ አንዱ ሌላውን ያጥበዋል። በሞቀ ውኃ የተነከረ ንጹሕ ጨርቅ በተጨፈኑ ዓይኖች ላይ ለአምስት እስከ አሥር ደቂቃ ማሳረፍ የቆቡን ቅባት ያንቀሳቅሳል። ከጭስና ከአቧራ መራቅም ይረዳል። ሐኪሙም ሁለት መድኃኒት በአንድ ጠርሙስ ሊያዝ ወይም ኬሚካሉ የሌለበትን ጠብታ ሊፈልግ ይችላል።

ለግላኮማው ከጠብታ ሌላ የሌዘር ሕክምናም አለ። በታንዛኒያ ሞሺ ተደርጎ በ2021 እ.ኤ.አ. የታተመ ጥናት እንዳሳየው፣ ከአንድ ዓመት በኋላ ሕክምናው የሠመረው በሌዘር ከታከሙት ዓይኖች በ61 በመቶው ሲሆን በቲሞሎል ጠብታ ከታከሙት ግን በ31 በመቶው ብቻ ነው። ለገጠር ታማሚ ይህ ትልቅ ተስፋ ነው፤ መሣሪያው ወደ ክልል ሆስፒታሎች መድረስ አለበት።

እስከዚያው፣ ወንድሜ፣ እኅቴ፣ ጠብታችሁን አታቋርጡ። በሚቀጥለው ቀጠሮ ጠርሙሶቻችሁን ሁሉ ይዛችሁ ሂዱና ሐኪሙ ባይጠይቃችሁም «ያቃጥለኛል» በሉት። ድንገተኛ ከባድ ሕመም ወይም የእይታ መቀነስ ካለ ግን ቀጠሮ ሳትጠብቁ በዚያው ቀን ሂዱ።