የአጥንት ኢንፌክሽን ኮድ የሚመረጠው አጥንቱ ላይ ከደረሰው ነው

አሜሪካ ውስጥ የሕክምና ኮዲንግ ለሚማሩ ወገኖቻችን «ኦስቲዮማይላይትስ (የአጥንት ኢንፌክሽን) የሚል ካያችሁ ኤም86.9 ጻፉ፤ ሁሉንም ይሸፍናል» የሚል ምክር ይሰጣል። ምክሩ ስህተት ነው። ኤም86.9 «ዓይነቱ ያልተገለጸ» ማለት ነው፤ የሚጻፈውም መዝገቡ ዓይነቱን በእርግጥ ሳይገልጽ ሲቀር ብቻ ነው።

ብዙዎች የኮዶቹን ብዛት የኢንሹራንስ ጣጣ አድርገው ያዩታል። ምክንያቱ ግን ያለው አጥንቱ ውስጥ ነው። የአንድ ልጅ የቀኝ ቅልጥም ታመመ እንበል። በደም የመጣው ባክቴሪያ፣ ብዙ ጊዜ ስታፊሎኮከስ ኦሬየስ፣ የደም ፍሰት በሚዘገይበት የረጅሙ አጥንት ጫፍ አካባቢ ይሰፍራል። መግል ይቋጠራል። አጥንት እንደ ሥጋ ስለማይለጠጥ ውስጡ ያለው ግፊት ይጨምርና ቀጫጭኖቹን የደም ሥሮች ይዘጋል። እዚህ ላይ ሕመሙ ገና አጣዳፊ ነው፤ ኮዱ ኤም86.061 ይሆናል።

ሕክምናው ከዘገየ መግሉ አጥንቱን ሰርስሮ ይወጣና የላዩን ሽፋን ከአጥንቱ ያላቅቃል። ደም የተቋረጠበት የአጥንት ክፍል ይሞታል፤ ሐኪሞች ሴኩዌስትረም ይሉታል። አንቲባዮቲክ የሚጓዘው በደም ነው፤ ቦዩ የተቆረጠ ማሳ ውሃ እንደማያገኝ ሁሉ የሞተው አጥንትም መድኃኒት አይደርሰውም። ባክቴሪያው እዚያው ተደላድሎ ይቀመጣል። የተላቀቀው ሽፋን በበኩሉ አዲስ አጥንት ሠርቶ የሞተውን ይከብበዋል፤ መግሉም ቆዳውን በስቶ መፍሰስ ይጀምራል። ቅልጥሙ ያው ቅልጥም፣ ልጁም ያው ልጅ ነው፤ ኮዱ ግን አሁን ኤም86.461 ነው፤ ሥር የሰደደና መግል የሚያፈስ። እንዲህ ላለ ልጅ ብዙውን ጊዜ የሞተውን አጥንት በቀዶ ሕክምና ማውጣት ያስፈልጋል። በኤም86.9 ውስጥ ይህ ሁሉ ይጠፋል።

የቀረው አጭር ነው። ተህዋሱ ከታወቀ ከቢ95 እስከ ቢ97 ካሉት ተጨማሪ ኮድ ይጻፋል። የአከርካሪ ኦስቲዮማይላይትስ ኤም46.2 ሥር ነው፤ የአከርካሪ ቲቢ ደግሞ ኤ18.01 ነው።

ጥንቃቄ የሚሻው ሁለት ቦታ ላይ ነው። አንደኛ፣ አጣዳፊው ሥር የሰደደ የሚባልበትን ቀን የኮድ መጽሐፉ ቆጥሮ አላስቀመጠም፤ ሐኪሞችም በወሰኑ ሁልጊዜ አይስማሙም። ስለዚህ ኮደሩ ቀን ቆጥሮ ራሱ መወሰን አይችልም። ሁለተኛ፣ ዓይነት 2 ስኳርና ኦስቲዮማይላይትስ አንድ መዝገብ ላይ ሲገኙ፣ ሐኪሙ አይገናኙም ብሎ ካልጻፈ በስተቀር የአሜሪካው ደንብ እንደተያያዙ ይቆጥራቸዋል፤ ኢ11.69 ይቀድማል፣ የኤም86 ኮድ ይከተላል። ይህ የአመዘጋገብ ደንብ ነው፤ ስኳሩ ኢንፌክሽኑን ለማምጣቱ ማረጋገጫ አድርጎ መውሰድ አይገባም።

ስለዚህ መዝገቡ ጎዶሎ ሲሆን ሐኪሙን በጽሑፍ ጠይቁ፦ አጣዳፊ ነው ወይስ ሥር የሰደደ? የትኛው አጥንት፣ በየትኛው ጎን? መግል ያፈሳል? ተህዋሱስ ታውቋል? መልሱ ኮዱን ይመርጥላችኋል።