የመስተዋት ጠረጴዛ የሚችለው ክብደት

መዛግብቱን በመስተዋት ጠረጴዛ ላይ የሚቆልል የመሥሪያ ቤት ሠራተኛ «ይህ ስንት ኪሎ ይችላል?» ብሎ ቢጠይቅ ተገቢ ነው፤ መልሱ ግን በአንድ ቁጥር አይወሰንም።

የመቀሌ ግንበኛ ነገሩን ከድንጋይ ያውቀዋል። በአፄ ዮሐንስ 4ኛ ቤተ መንግሥት ግድግዳ ውስጥ የተገነባው ድንጋይ ቢጫኑት ይጸናል፤ ስስ ሆኖ በሁለት ድጋፍ መካከል ተጋድሞ ቢጫን ግን ከበታቹ ተወጥሮ ይሰነጠቃል። የመስተዋትም ጠባይ ይኸው ነው።

ስለዚህ የእግሮቹ መራራቅ፥ ውፍረቱና የታችኛው ገጽ ጭረት ይመረመራሉ። ውፍረቱ እጥፍ ቢሆን ጥንካሬው አራት እጥፍ ያድጋል። ግሎ በነፋስ በድንገት የቀዘቀዘው፥ ቴምፐርድ የሚባለው መስተዋት፥ ከተራው አራት እጥፍ ያህል ይበረታል፤ ቢሰበርም እንደ ጠጠር ይበተናል እንጂ እንደ ጩቤ አይሾልም። በእንጨት ጠረጴዛ ላይ የተነጠፈው መስተዋት ግን ሌላ ነው፤ ሸክሙን የሚችለው እንጨቱ ነውና።

በሰኔ፥ በሒሳብ መዝጊያ፥ የሚከመረውን እናስላ። ባለ 500 ቅጠል አንድ እሽግ ወረቀት 2.5 ኪሎ ግራም ያህል ይመዝናል፤ ሃያው 50 ኪሎ መሆኑ ነው። ዛሬ ይህን የቻለ መስተዋት ከወራት በኋላ በዚያው ሸክም ሊሰበር ይችላል፤ የአየር እርጥበት በጭረቱ ገብቶ ስንጥቁን በዝግታ ያረዝመዋልና።

አምፖል ለመለወጥ በላዩ መቆም ከሁሉ የከፋ ነው፤ የሰውየው ክብደት በሙሉ በአንድ ተረከዝ ሥር ይሰበሰባል። ከባድ ሰነድ በእግሮቹ አናት አቅራቢያ ይቀመጥ፤ ጠርዙ የተሸረፈ መስተዋት ደግሞ ባዶውንም ቢሆን ሳይውል ሳያድር ይለወጥ።