የ«ሀ» ቁጥር 4608 ነው

ዋይፋይ የምትሰጠን ያቺ ትንሽ ሣጥን (ራውተር) ኮምፒውተር ናት። ፕሮሰሰር አላት፣ ራም አላት፣ ፍላሽ የሚባል ማከማቻ አላት፤ አብዛኛውን ጊዜም የሚሠራባት ሊኑክስ ነው። ከጠረጴዛው ኮምፒውተር የምትለየው በጥበቷ ነው። ብዙ ሰው የሚያውቃት የቲፒ-ሊንክ ደብሊውአር841ኤን በአብዛኞቹ ትውልዶቿ 4 ሜጋባይት ፍላሽና 32 ሜጋባይት ራም ብቻ ነበራት። ስልካችሁ የሚያነሣት አንዲት ጥሩ ፎቶ ያንን ፍላሽ ብቻዋን ልትሞላው ትችላለች። የሊኑክሱ እምብርት፣ የዋይፋዩ ሶፍትዌርና የማስተካከያው ገጽ ከሰፈሩ በኋላ በተረፈችው ቦታ ላይ አንድ ፋይል ይቀመጣል፤ ባለሙያ በተርሚናል ገብቶ የሚጽፋቸው ትእዛዞች በሙሉ የሚኖሩት እዚያ ውስጥ ነው። ስሙ ቢዚቦክስ ይባላል። በየቤቱ አለ፤ የሚያመሰግነው ግን አላየሁም።

ታሪኩ አጭር ነው። እ.ኤ.አ. በ1995 ብሩስ ፔረንስ የዴቢያን ሊኑክስን መጫኛና የብልሽት ማዳኛ በአንዲት 1.44 ሜጋባይት ፍሎፒ ላይ ለማስፈር ጻፈው፤ በዓመቱ አልቋል ብሎ ተወው። አላለቀም። ኤሪክ አንደርሰንና ሮብ ላንድሊ፣ ከ2006 ጀምሮ ደግሞ ዴኒስ ቭላሴንኮ እየተቀባበሉ አሳደጉት። ሊንክሲስ በ2002 መጨረሻ ያወጣው ደብሊውአርቲ54ጂ የሚባለው ራውተር በሊኑክስና በቢዚቦክስ እንደሚሠራ ሲታወቅ፣ የሶፍትዌሮቹ ፈቃድ ስለሚያስገድድ የምንጭ ኮዱ በ2003 ተለቀቀ፤ ከዚያም በ2004 ኦፕንደብሊውአርቲ የተባለው የራውተር ሊኑክስ ተወለደ። ዛሬ ራውተራቸውን እንደገና ለመሥራት የሚደፍሩ ወጣቶች በብዛት የሚጭኑት እሱን ነው።

አሠራሩ ለማንም ይገባል። በትልቅ ኮምፒውተር ላይ የፋይል ዝርዝር የሚያሳየው ኤልኤስ አንድ ፕሮግራም ነው፣ ፋይል የሚገለብጠው ሲፒ ሌላ ነው፣ ጽሑፍ የሚፈልገው ግሬፕም ሌላ። በቢዚቦክስ ግን ሁሉም አንድ ፋይል ናቸው፤ የተለያየው ስማቸው ነው። አንድ ሰው ቤቱ ሲገባ «አባዬ»፣ ትምህርት ቤት «ቲቸር»፣ ዕድር ላይ «ዳኛ» ተብሎ ሲጠራ እንደ አጠራሩ ሥራውን እንደሚለዋውጥ፣ ቢዚቦክስም በየትኛው ስም እንደተጠራ አይቶ ያንን ሥራ ይሠራል። የጋራ የሆነው ኮድ አንዴ ብቻ ስለሚጻፍ ከ300 በላይ ትእዛዞች በ1 ሜጋባይት አካባቢ ይጠቃለላሉ።

ያም ሆኖ ለጠባብ ማሽን 1 ሜጋባይት ብዙ ነው። ስለዚህ ቢዚቦክስ ምናሌ አለው። ሜኑኮንፊግ ስትሉ ሰማያዊ ገጽ ይከፈትና እያንዳንዱ ትእዛዝ ከነዝርዝር ጠባዩ ይሰለፋል፤ የምትፈልጉትን ምልክት ታደርጋላችሁ፣ ያልመረጣችሁት ኮምፓይል ሲደረግ ከናካቴው አይገባም። ሰው እዚህ ገጽ ላይ ሲደርስ ሁለት ዓይነት ይሆናል። አንዱ ሁሉንም ምልክት አድርጎ «ቦታ ሞላ» ብሎ ያማርራል። ሌላው ሁሉንም አጥፍቶ ሲያበቃ ማሽኑ የተበላሸ ዕለት ፒንግ እንኳ ያጣል። የእኔ መመሪያ አንዲት ጥያቄ ናት፦ ይህ ማሽን ሲበላሽ አጠገቡ የሚገኘው ማነው? መልሱ የአሽ ሼልን (ትእዛዝ የሚጻፍበትን)፣ ቪአይን፣ ፒንግን፣ ዲኤምኢኤስጂንና ደብሊውጌትን ይመርጥላችኋል። ስለ እነዚህ ከዚህ በላይ አልልም፤ የሚያከራክሩ አይደሉም።

የምከራከረው ማንም ስለማይነካት አንዲት ቁጥር ነው።

በምናሌው ውስጥ፣ የዩኒኮድ ድጋፍ በሚለው ሥር፣ «እስከ ስንተኛው ፊደል ድረስ ልደግፍ?» የምትል መስመር አለች። ካልነካችኋት መልሷ 767 ነው። ዩኒኮድ ለዓለም ፊደላት ሁሉ ቁጥር የሰጠ መዝገብ መሆኑን ታውቃላችሁ፤ የእኛ ፊደል የገባው እ.ኤ.አ. በ1999 በ3.0 እትም ነው። 767 ላይ የላቲን ፊደልና ዘመዶቹ ያልቃሉ። «ሀ» ያለችው 4608 ላይ ነው፤ ዋናው ሠንጠረዣችን 4991 ላይ ያበቃል። ከወሰኑ ያለፈን ፊደል ቢዚቦክስ «ሊታተም የማይችል» ብሎ ይፈርጀውና በቦታው የጥያቄ ምልክት ያስቀምጣል። ከሀ እስከ ፐ፣ ከነእርባታቸው፣ አንድም የሚተርፍ የለም።

የእንሳሮ ወረዳ ከተማ በሆነችው ለሚ ያየሁትን ልንገራችሁ። ከጀማ ሸለቆ አፋፍ ብዙም በማይርቅ አንድ ሱቅ ውስጥ መዝሙርና ፊልም በፍላሽ የሚጭን ወጣት አለ። ደብረ ብርሃን የሚማር ጓደኛው ራውተሩ ላይ ኦፕንደብሊውአርቲ ጭኖለት፣ የደንበኞቹን ፍላሽ የሚሰካው እዚያው ራውተሩ ላይ ነው።

«ጋሼ፣ እስቲ ይዩት፤ ይኼንንም ቫይረስ በልቶታል» አለኝ።

ስክሪኑ የጥያቄ ምልክት ብቻ ነበር።

«የፋይሎቹ ስም በምን ነበር የተጻፈው?»

«በአማርኛ ነዋ!»

ከዚያ በፊት እንዲህ ሆነው የመጡትን ምን እንዳደረጋቸው ስጠይቀው ፎርማት እያደረገ ለባለቤቶቻቸው መመለሱን ነገረኝ። የስንት ሰው የሰርግ ቪዲዮ በከንቱ እንደሄደ አስቡት! ፋይሎቹ ደህና ነበሩ። የጠፋው ስማቸውን የማሳየት ፈቃድ ብቻ ነው። እባካችሁ፣ የጥያቄ ምልክት ስላያችሁ ብቻ ፎርማት አታድርጉ፤ በእኛ አገር ቫይረስ ሳይሠራ የተከሰሰበት ወንጀል ከሠራው ይበልጣል።

ምርመራው ቀላል ነው፤ የጥያቄ ምልክቶቹን ቁጠሩ። በዩቲኤፍ-8 አጻጻፍ እያንዳንዱ የግዕዝ ፊደል ሦስት ባይት ይይዛል። «ለሚ» የሚባል ፎልደር ስድስት የጥያቄ ምልክት ሆኖ ከታየ የዩኒኮድ ድጋፉ ጭራሽ አልበራም ማለት ነው፤ ቢዚቦክስ ፊደሉን ሳይሆን ባይቱን እየቆጠረ ነው። ኦፕንደብሊውአርቲ ቦታ ለመቆጠብ ድጋፉን አጥፍቶ ስለሚመጣ በብዛት የምታገኙት ይህን ነው። ሁለት ምልክት ብቻ ከሆነ ድጋፉ በርቷል፤ ነገር ግን ወሰኑ 767 ላይ ቆሟል። ድጋፉ በጠፋበት ማሽን ላይ ሌላም ምልክት አለ፦ ሼሉ ውስጥ አንድ የአማርኛ ፊደል ጽፋችሁ ለማጥፋት ሦስት ጊዜ መሰረዝ ይኖርባችኋል።

ሦስተኛም ሁኔታ አለና አትቸኩሉ። ፍላሹ ፋት በሚባለው አሠራር የተዘጋጀ ሆኖ በዩቲኤፍ-8 አማራጭ ማውንት ካልተደረገ (ከሲስተሙ ጋር ካልተያያዘ)፣ የጥያቄ ምልክቱን የሚያስገባው ቢዚቦክስ ሳይሆን የሊኑክሱ እምብርት ራሱ ነው፤ ያን ጊዜ ፋይሉን በስሙ መክፈትም አይቻልም። ሁለቱን ለመለየት ኤልኤስን ተዉትና ኤኮ ብላችሁ ኮከብ ምልክት ጻፉ። ኤኮ ስሙን ሳያጣራ እንዳለ ያወጣዋል። በኤኮ አማርኛው ከታየ ችግሩ የቢዚቦክስ ቁጥር ነው። በኤኮም የጥያቄ ምልክት ከመጣ ማውንቱን አስተካክሉ። በሁለቱም መንገድ ፍላሹ አልተነካም።

አሁን ወደ ቁጥሯ ልመለስ። የምናሌው ማብራሪያ የሚመከሩ ወሰኖችን ይዘረዝራል፦ 126፣ 767፣ 4351፣ 12799፣ በመጨረሻም ወሰን የለም ማለት የሆነው 0። እያንዳንዳቸው ምክንያት አላቸው። እስከ 767 ድረስ በሌላ ፊደል ላይ የሚደረቡ ምልክቶች የሉም። እስከ 4351 ድረስ የሁለት ፊደል ስፋት የሚይዝ ፊደል የለም። እንዲህ ያለ ጣጣ ከሌለ ኮዱ ያጥራል።

4351 ላይ ግን ቆም በሉ። እዚያ ላይ የጆርጂያ ፊደል ያበቃል። ቀጥሎ ያለው የኮሪያ ሃንጉል ነው፤ ስፋቱ የሁለት ፊደል ስለሆነ በሩ በእሱ ምክንያት ተዘጋ። ከኮሪያ ቀጥሎ ያለነው እኛ ነን። የእኛ ፊደል ሁለት ቦታ አይፈልግም፤ ከላይ የሚደረበውም የማጥበቂያና የማርዘሚያ ምልክት ሦስት ብቻ ነው፣ እሱንም በየቀኑ የሚጽፈው የለም። በራሳችን ጠባይ ቢሆን ኖሮ እናልፍ ነበር፤ የቀረነው በጎረቤት ነው። ቃኘው ሻለቃ ከዘመተበት ዘመን ወዲህ ከኮሪያ ጋር የገጠመን ጠብ ይህ ብቻ ሳይሆን አይቀርም።

«እንግዲያው 12799 ይበቃል» የሚለኝ ባለሙያ አለ። ለአማርኛና ለትግርኛ ይበቃል። ነገር ግን ለጋሞ፣ ለጎፋ፣ ለዳውሮ፣ ለባስኬቶና ለጉሙዝ ቋንቋዎች የታከሉት የግዕዝ ፊደላት ከ43777 ጀምረው ነው የተቀመጡት። በ12799 የምትቆም ከሆነ አንተ የተደረገብህን መልሰህ በእነሱ ላይ ማድረግህ ነው። ለኢትዮጵያ የሚሠራ ሣጥን ላይ ትክክለኛው ቁጥር 0 ነው።

ይህ ሁሉ ቁጠባ ስንት ያተርፋል? ማብራሪያው ራሱ ይነግረናል፦ 767ን መምረጥ ኮዱን በ700 ባይት ገደማ ይቀንሰዋል። ሰባት መቶ ባይት ማለት 230 ያህል የግዕዝ ፊደል ነው፤ ስለ ኮሪያ የጻፍኩት አንቀጽ ብቻውን ከዚያ ይበልጣል። በዩኒኮድ ድጋፍ ላይ የሚሠስተው ሰው፣ እዚያው ምናሌ ላይ የጎርጎርዮስን ቀን መቁጠሪያ የሚያትመውን ካል የተባለ ትእዛዝ አብርቶ ይተዋል። ራውተር ላይ ቀን መቁጠሪያ ለማን ነው? ጳጉሜንን እንኳ አያውቃት!

ስለ ቀን ካነሣን፣ ከምናሌው ኤንቲፒዲ የተባለውን አታጥፉ። አብዛኞቹ ራውተሮች ሰዓት የሚያቆይ ባትሪ የላቸውም። መብራት ሄዶ ሲመጣ አንዳንዱ ከ1970 ይጀምራል፣ አንዳንዱ ፋይል ለመጨረሻ ጊዜ ከተጻፈበት ቀን። ዓመቱን የሳተ ማሽን የድረ ገጾችን የደኅንነት ሰርተፍኬት «ገና አልጀመረም» ብሎ ይመልሳል፤ ባለቤቱ ኔትወርኩን ሲረግም ይውላል። ኤንቲፒዲ ትክክለኛውን ሰዓት ከኢንተርኔት ያመጣል። የሰዓት ክልሉን ስትጽፉ ደግሞ ምልክቱ የተገላቢጦሽ መሆኑን አትርሱ፤ የእኛ «ኢኤቲ ሲቀነስ 3» ተብሎ ነው የሚጻፈው። ሲደመር ያደረገ ሰው ስድስት ሰዓት ወደ ኋላ ይቀራል፤ ማለትም ከቀኑ 15፡00 ሰዓት ሲሆን ራውተሩ 9፡00 ይላል። በስሕተት የሐበሻ ሰዓት ተሞላ ማለት ነው! ደስ ይላል፤ ነገር ግን የሁለት ማሽኖችን መዝገብ ጎን ለጎን አድርጎ ብልሽት የሚፈልግ ባለሙያን ያሳብደዋል።

አጥፉ የምለው አንድ ነው፦ በቴልኔት ከሩቅ መግቢያ በር የሚከፍተው ቴልኔትዲ። በቴልኔት የሚገባ የይለፍ ቃል ሳይመሠጠር ነው የሚጓዘው። እ.ኤ.አ. በ2016 ሚራይ የተባለው ተንኮለኛ ፕሮግራም በዓለም ላይ ስፍር ቁጥር የሌላቸው ካሜራዎችንና ራውተሮችን የያዘው በዚህ በር ነው፤ ከፋብሪካ የመጡ፣ ማንም ያልቀየራቸው የይለፍ ቃሎችን እየሞከረ። ከገባ በኋላ ቢዚቦክስን የሌለ ትእዛዝ ያዘው ነበር። «እንዲህ ያለ ትእዛዝ የለኝም» የሚል መልስ ሲመጣለት እውነተኛ ሼል ማግኘቱን ያረጋግጣል። የወደድኩት መሣሪያ በትሕትና መልሱ ሌባን ሲያገለግል ማየት ያሳዝናል፤ ጥፋቱ ግን በሩን ክፍት የተወው ሰው ነው። የይለፍ ቃሉ ዛሬም አድሚን የሆነ አንባቢ ካለ ይህን ጽሑፍ አቋርጦ ይቀይረው።

 

ለሚ ላለው ወጣትና ለመሰሎቹ የማቀርበው ቅደም ተከተል ይህ ነው፦ የዩኒኮድ ድጋፉን አብሩ፣ ወሰኑን 0 አድርጉ፣ ፍላሹን በዩቲኤፍ-8 ማውንት አድርጉ፣ ኤንቲፒዲን አስቀሩ፣ ቴልኔትዲን አውጡ። የቀረውን እንደየቦታችሁ ምረጡ። 767ን የጻፈው ሰው ክፋት አልነበረበትም፤ በማብራሪያው ላይ በጥንታዊ ፊደላት ብዛት ሲጨነቅ፣ በአንደኛው ዛሬም የሰርግ ቪዲዮ ስም እንደሚጻፍ አላሰበም። ሣጥኑን ኮምፓይል የምታደርጉት እናንተ ግን ታውቃላችሁ፤ ለእናንተ ሰበብ የለም።